ኤክዜማው (ችፌው) ባገረሸ ቁጥር «ምን በላ?» ለምትሉ፦ ምግብ መሆን አለመሆኑን ደረጃ በደረጃ ማጣሪያ

ልጄ ሰባት ወር ገደማ ሲሆነው ጉንጩ ሻከረ። ከዚያ ችፍ ችፍ አለ፣ ቀጥሎ ውሃ ያዥ ጀመር። ሌሊት ፊቱን ትራሱ ላይ ሲፈትግ ያድራል፣ ጠዋት ትራሱ ላይ የደም ጠብታ አገኛለሁ። ያየው ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። «ምን አብልተሽው ነው?»

እናቴ ገንፎው ላይ የምጨምረውን ወተት ጠረጠረች። ጎረቤታችን እትዬ እንቁላሉን አሉ። የባለቤቴ እህት ደግሞ ቲማቲም ነው ብላ ድርቅ አለች። እኔ ሁሉንም አመንኩ። ወተት ቀረ፣ እንቁላል ቀረ፣ ስንዴ ቀረ፣ ከዚያ ሙዝ፣ ቲማቲም፣ ምስር፣ ዓሣ እያልኩ በመጨረሻ የሚበላው የጤፍ ገንፎ፣ ድንችና ካሮት ብቻ ሆነ። ቆዳው ግን ያው ነው። በዘጠኝ ወሩ ለክትባት ጤና ጣቢያ ስወስደው ሲስተሯ ሚዛን ላይ አስቀመጠችው፣ ካርዱን አየች፣ አነሳችውና እንደገና መዘነችው። «እህቴ፣ ይሄ ልጅ እኮ ሁለት ወር ሙሉ ምንም አልጨመረም» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ሌላ እናት ወይም አባት እዚያ ሚዛን ፊት እንዳይቆም ነው። ምግብና ኤክዜማ አይገናኙም እያልኩ አይደለም፣ ይገናኛሉ። መካከለኛና ከባድ ኤክዜማ ካለባቸው ሕፃናት ከሦስቱ አንዱ ያህል የምግብ አለርጂ አብሮት ይኖራል። ቀላል ኤክዜማ ባለባቸውና በአዋቂዎች ላይ ግን ምግብ ዋናው ቀስቃሽ ሆኖ የሚገኘው ከምንገምተው በጣም ባነሰ ጊዜ ነው። ስለዚህ ማጣሪያው ቅደም ተከተል አለው። ቅደም ተከተሉን ከዘለላችሁት እንደኔ ልጅ ታስርባላችሁ እንጂ ምንም አታውቁም።

1. መጀመሪያ ኤክዜማ መሆኑን እወቁ

ኤክዜማ ብዙዎቻችን ችፌ የምንለው ነው። ቆዳ ይደርቃል፣ ያሳክካል፣ ሲታከክ ይቆስላል፣ ይድናል፣ ተመልሶ ያገረሻል። በሕፃን ላይ ጉንጭና ግንባር ላይ ይጀምራል፤ ከፍ ሲል የክርንና የጉልበት እጥፋት፣ የእጅ አንጓና አንገት ይይዛል። መጽሐፍ ላይ የሚታየው ቀይና ሮዝ ሽፍታ ነው፤ በእኛ ቆዳ ላይ ግን ብዙ ጊዜ ጠቆር ወይም አመድማ ይላል፣ ወይም እንደ አሸዋ የሚሻክር ጥቃቅን እብጠት ይሆናል። ቀይ አይደለም ብላችሁ አትዘናጉ።

እከክ ሌላ ነገር ነው። እከክ ሌሊት ይብሳል፣ በጣት መካከል፣ በብብት፣ በወገብ ላይ ይወጣል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ቤተሰቡ በሙሉ ማከክ ይጀምራል። እንዲህ ከሆነ የምግብ ደብተር አያስፈልጋችሁም፣ መድኃኒቱን ሁሉም በአንድ ቀን መቀባት ነው። ክብ ሆኖ ጠርዙ ከፍ ያለ ሽፍታ ደግሞ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል የስቴሮይድ ክሬም (የቆዳን ቁጣ የሚያበርደው) ይደብቀዋል እንጂ አያድነውም። ካልለያችሁት የቆዳ ሐኪም ይየው። አዲስ አበባ ያለ ሰው አለርት ሆስፒታልን ያውቀዋል፣ ወደ ደሴ በኩል ያላችሁ ደግሞ ቦሩ ሜዳ አለላችሁ።

2. ለሦስት ሳምንት ምግቡን ተዉትና ቆዳውን ያዙ

ይህ ደረጃ ለሰው መንገር የሚከብደኝ ነው፣ ምክንያቱም ሁላችንም መስማት የምንፈልገው «እንቁላል አቁሚ፣ ይድናል» የሚለውን ነው። ግን የቆዳ ሐኪሟ ለእኔ ያስረዳችኝ እንዲህ ነበር። ጤነኛ ቆዳ እንደ ጥሩ ልስን ግድግዳ ነው። የኤክዜማ ቆዳ ልስኑ የተሰነጠቀ ነው፤ ከውስጥ እርጥበት ይወጣል፣ ከውጭ ደግሞ ሳሙናው፣ አቧራው፣ ጀርሙ፣ የምግብ ብናኙ ሳይቀር ይገባል። እና ምግብ በአፍ ሲገባ ሰውነት ብዙውን ጊዜ ይለምደዋል፤ በተሰነጠቀ ቆዳ ሲገባ ግን እንደ ጠላት ሊቆጥረው ይችላል። በብዙ ልጆች ላይ የሆነው ይህ ነው፦ ምግቡ ቆዳውን አላበላሸውም፣ የተበላሸው ቆዳ ምግቡን ባዕድ አደረገው።

ይህን ስሰማ ቀጥ ብዬ ተቀመጥኩ። ምክንያቱም እኔ የልጄን ጉንጭ እንቁላል በነካ እጄ ነበር የምቀባው። በእንግሊዝ አገር በኦቾሎኒ ዘይት የተሠራ ቅባት የተቀቡ ሽፍታ ያለባቸው ሕፃናት ለኦቾሎኒ አለርጂ ይበልጥ መጋለጣቸው እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት ታይቷል። ስለዚህ ቅባት ከመቀባታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ። በቆሰለ ቆዳ ላይ የሚበላ ነገር አትቀቡ፦ የሰሊጥ ዘይት፣ የኦቾሎኒ ዘይት፣ ቅቤ። የወይራ ዘይትም ጥሩ ይመስላል እንጂ የቆዳን የላይኛ ሽፋን ያዳክማል። ፌጦ፣ ነጭ ሽንኩርትና ሎሚማ ቆዳን ያቃጥላሉ፣ ሕፃን ላይ በፍጹም።

የሚሠራው ይሄ ነው። በቀን አንዴ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ፣ ለብ ባለ ውሃ እጠቡት። የልብስ ሳሙናና ሽታ ያለው ሳሙና ይቅር። አውጡት፣ በፎጣ ጠቅ ጠቅ አድርጉት እንጂ አትሹት፣ ቆዳው ገና እርጥብ እያለ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ሽታ የሌለው ቫዝሊን ወይም ወፍራም ቅባት ቀቡት። ከዚያ በቀን ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ድገሙት። መጠኑ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቼ ነበር፤ ሰፋ ያለ ኤክዜማ ያለበት ልጅ በሳምንት እስከ 250 ግራም ቅባት ሊጨርስ ይችላል። አንድ ትንሽ ቆርቆሮ ቫዝሊን ሁለት ወር ከቆየችላችሁ ልጁ አልተቀባም ማለት ነው። (አንድ ጥንቃቄ፦ ቫዝሊን የጠጣ ልብስ በቀላሉ ይቀጣጠላል፤ ከከሰል ምድጃና ከሻማ አርቁት።)

ቆዳው ተቆጥቶ ያሳክካል? ሐኪም ያዘዘውን የስቴሮይድ ክሬም ሳትፈሩ በታዘዘው መጠንና ለታዘዘው ቀን ተጠቀሙ። መለኪያው የአዋቂ ሌባ ጣት ነው፦ ከጣቱ ጫፍ እስከ መጀመሪያው እጥፋት ድረስ የተጨመቀ ክሬም ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ስፋት ይሸፍናል። የሚያስፈራው ያለ ትእዛዝ ከየሱቁ እየተገዛ፣ በተለይ ፊት ለማቅላት ተብሎ፣ ለወራት የሚቀባው ጠንካራው ነው።

አየሩንም እዩት። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ብርድ አዲስ አበባ ውስጥ የልጄን ቆዳ ከማንኛውም ምግብ የባሰ ያደርቀዋል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ የክረምቱ ማሞቂያ፣ ዐረብ አገር ያላችሁ ኤሲውና ላቡ ያንኑ ያደርጋል። ሰው ቤት እየሠራችሁ እጃችሁ የሚሰነጠቅባችሁ እህቶች ደግሞ፣ የአገሩ ምግብ አልተስማማኝም ከማለታችሁ በፊት በረኪናውንና የዕቃ ማጠቢያውን ፈሳሽ ጠርጥሩ፤ ከሥር የጥጥ ከላይ የጎማ ጓንት አድርጋችሁ ሁለት ሳምንት ሞክሩት።

በሦስት ሳምንት ውስጥ የልጄ ክርንና ጉልበት ዳነ። ምንም ምግብ ሳላወጣ፣ እንዲያውም ያወጣሁትን ብዙውን ሐኪሟ እያየች መልሼ። የቀረው ጉንጩና አንገቱ ላይ በየተወሰነ ቀን የሚነሳው ነበር። ምግብ መፈለግ የሚጀመረው እዚህ ላይ ነው፤ ቆዳው በደንብ ተይዞ ሳለ እየተመላለሰ የሚያገረሽ ነገር ሲኖር።

3. ሰውነቱ ለምግቡ የሰጠው ምላሽ የቱ እንደሆነ ለዩ

ሦስት የተለያዩ ነገሮችን «አለርጂ» እያልን እንጠራለን።

አንደኛው ፈጣኑ ነው። ከበላ ከደቂቃዎች እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ እንደ ትንኝ ንክሻ ያበጠ ሽፍታ ይወጣል፣ ከንፈር ወይም ዓይን ያብጣል፣ ያስመልሰዋል። ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ፣ ድምፅ መጎርነን፣ መዝለፍለፍ ከመጣ ደግሞ የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው፤ የሚያድነው አድሬናሊን መርፌ ስለሆነ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ኢትዮጵያ ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፣ አሜሪካ 911፣ እስራኤል 101፣ አውሮፓ 112። እንዲህ ያደረገውን ምግብ በቤታችሁ ዳግም እንዳትሞክሩት። ከዚህ በታች ያለው የማውጣትና የመመለስ ሙከራ ለእሱ አይደለም።

ሁለተኛው የዘገየው ነው። ከስድስት ሰዓት እስከ ሁለት ቀን ቆይቶ ኤክዜማው ራሱ ይብሳል። ደብተር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፣ ምክንያቱም ማክሰኞ ያገረሸው እሑድ በተበላ ነገር ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው አለርጂ አይደለም። ቲማቲም፣ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ በርበሬ ያለበት ወጥ የልጅ አፍ ዙሪያ ሲነካ ያቃጥላል፣ ይቀላል፣ ከዚያ ይጠፋል። የባለቤቴ እህት ያየችው እውነት ነበር፣ ግን ይህ ነው። መፍትሔው ከመብላቱ በፊት አፉ ዙሪያ ቫዝሊን መቀባት፣ ሲጨርስ በለብታ ውሃ መጥረግ። ቲማቲሙን መከልከል አያስፈልግም። አዋቂዎችም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ፦ ነጭ ሽንኩርት የሚልጥ ሰው ሽንኩርቱን በሚይዝበት እጁ አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና መሀል ጣት ጫፍ ላይ ብቻ ቆዳው ይደርቅና ይሰነጠቃል። ቢላዋ የሚይዘው እጅ ደህና ነው። እናቴ ለዓመታት እንዲህ ነበረች፣ የበዓል ሰሞን ይብስባታል። የበላችው ሳይሆን የላጠችው ነው፣ አሁን በጓንት ትልጣለች።

4. ደብተር ያዙ፣ ለሁለት ሳምንት

ስልክም ይሆናል፣ እኔ ግን የአሥራ ሁለት ብር ደብተር ፍሪጅ ላይ አንጠልጥዬ ነው የሠራሁት፣ ምክንያቱም ሞግዚቷም እናቴም መጻፍ ነበረባቸው። በየቀኑ አራት ነገር፦ የበላው ከነሰዓቱ፣ የማሳከኩ መጠን ከ0 እስከ 10፣ ሌሊት ስንት ጊዜ እንደነቃ፣ እና ሌላ የተለየ ነገር (ጉንፋን፣ ጥርስ ማውጣት፣ አዲስ ሳሙና፣ የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ቅባት የተረሳበት ቀን)። በየሦስት ቀኑ አንድ ቦታ በተመሳሳይ ብርሃን ፎቶ አንሱ። ዓይን ይረሳል።

የሚበላውን ስትጽፉ «ገንፎ» ብላችሁ አትለፉ። እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ልጆች ነገር የሚወሳሰበው። የልጅ ምጥን ብለን የምናስፈጨው ውስጥ ስንዴ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ፣ አንዳንዴ ሰሊጥና አብሽ ሳይቀር አለ። ልጁ በአንድ ማንኪያ ስምንት ነገር እየበላ የትኛው እንዳስነሳበት ማን ያውቃል? እኔ ምጥኑን ለትልልቆቹ ሰጠሁና የአንድ እህል ገንፎ ጀመርኩ፣ ጤፍ ብቻ። ከዚያ በየሦስት ቀኑ አንድ እህል እጨምር ነበር። አብሽን የጠቀስኩት በከንቱ አይደለም፤ አብሽና ኦቾሎኒ ከአንድ የተክል ቤተሰብ ናቸው፣ ለኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ሰው ለአብሽም ሊነሳበት ይችላል። አብሽ ደግሞ ለሕፃን በውሃ በጥብጠን እንሰጣለን።

እንጀራውንም ጠይቁ። ንጹህ ጤፍ ከግሉተን (በስንዴና በገብስ ውስጥ ካለው ፕሮቲን) ነፃ ነው፣ የተገዛ እንጀራ ግን ሌላ እህል ሊደባለቅበት ይችላል፤ ውጭ አገር ያላችሁማ ስንዴ ወይም ገብስ የገባበትን ነው ብዙ ጊዜ የምታገኙት። ዳቦ ቤት ዳቦው ላይ እንቁላል ይቀባ እንደሆነ፣ ወተት ይገባበት እንደሆነ ጠይቁ። አሜሪካ ያላችሁ ከ2023 ጀምሮ ሰሊጥም ማሸጊያው ላይ በግድ ከሚጻፉት ዋና ዋና አለርጂ አምጪዎች አንዱ ስለሆነ አንብቡ።

5. አንድ ተጠርጣሪ ብቻ ምረጡ

ከሁለት ሳምንት በኋላ ደብተሩን ዘርግታችሁ እዩ። ምግቡ በተበላ ቁጥር፣ ቢያንስ ሦስት ጊዜ፣ በሁለት ቀን ውስጥ ቆዳው ብሷል? አንዴ መግጠሙ ምንም አይደለም፣ ጥርስም ያንን ያደርጋል። በትንንሽ ልጆች ላይ ብዙ ጊዜ የሚገኙት እንቁላል፣ የላም ወተት፣ ኦቾሎኒ፣ ስንዴ፣ አኩሪ አተር፣ ዓሣ፣ ሰሊጥና ሌሎች ለውዝ መሰል ፍሬዎች ናቸው። ስኳር፣ ሥጋ፣ ሙዝ እያላችሁ ከዚህ ዝርዝር ርቃችሁ አትሂዱ። የልጄ ደብተር ላይ በእርሳስ የከበብኳቸው ቀኖች አምስት ነበሩ፣ ከአምስቱ በአራቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ እንቁላል አለ። እትዬ ልክ ነበሩ። የእኔ ስህተት ከእሳቸው እንቁላል ጋር ሌላ ስድስት ነገር ማውጣቴ ነው።

ምርመራስ? የቆዳ መርፌ ምርመራና የደም ምርመራ ጥሩ ናቸው፣ ግን ብቻቸውን አይፈርዱም። ምርመራው «አለ» ብሎ ልጁ ያንን ምግብ ያለ ችግር የሚበላበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ደብተራችሁን አይቶ ለጠረጠረው ምግብ ይመርምረው እንጂ ሃያ ነገር በአንዴ አስመርምራችሁ ሃያ ነገር አትከልክሉ። አይጂጂ የሚባለውን የደም ምርመራ እናድርግ የሚላችሁ ካለ ገንዘባችሁን አስቀሩ። እሱ የሚያሳየው ሰውየው ምግቡን መብላቱን ነው፣ አለርጂን አይደለም።

6. አውጡት፣ ግን ቀን ቆርጣችሁ

ከሁለት እስከ አራት ሳምንት፣ ከዚያ አይበልጥም። የሚያልቅበትን ቀን ደብተሩ ላይ ጻፉት። ለሕፃን ከሆነ ከመጀመራችሁ በፊት ለሐኪም ንገሩ፣ ይህን በጣም አደራ እላለሁ። ምክንያቱ ክብደት ብቻ አይደለም፤ ልጅ ያለ ፈጣን ምላሽ ይበላው የነበረ ምግብ ለረጅም ጊዜ ሲቋረጥበት ሰውነቱ የለመደውን ሊረሳና ሲመለስለት ከባድ ፈጣን አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። «ለጥንቃቄ ይቅርበት» የሚባለው ነገር ራሱ አደጋ አለው።

ያወጣችሁትን በሌላ ተኩ። እንቁላል ከሆነ ቀላል ነው፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ሥጋ፣ ዓሣ አለ። ወተት ከባድ ነው። የፍየል ወተት ምትክ አይሆንም፣ ፕሮቲኑ ከላሙ ጋር በጣም ስለሚመሳሰል ለላም ወተት አለርጂ ያለበት ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ለፍየሉም ይነሳበታል። ከዓመት በታች ያለ ሕፃን ጡት ካልጠባ ሐኪም የሚያዘው ልዩ የዱቄት ወተት ያስፈልገዋል፣ በአጥሚት አይተካም። የምታጠባ እናትም ራሷ ላይ ምግብ አትቀንስ፤ ያ የሚደረገው ሐኪም ካለ ብቻና ለአጭር ጊዜ ነው። ክብደቱን በየሁለት ሳምንቱ አስመዝኑ።

የምትጠብቁትም መጠን ያለው ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2022 አሥር ጥናቶችን አንድ ላይ ያየ ሥራ ወጥቶ ነበር። ምግብ ካወጡት 100 ሰዎች 50ው የሚታይ መሻል አገኙ፤ ምንም ካላወጡት 100 ደግሞ 41ዱ። ልዩነቱ ዘጠኝ ሰው ነው። ለእነዚያ ዘጠኙ ትልቅ ነገር ነው፣ የቀሩት ግን በከንቱ ይከለከላሉ።

7. መልሱት

ብዙ ሰው እዚህ ጋ ያቆማል። ቆዳው ስለተሻለው «አገኘሁት» ይልና ምግቡ እስከ ወዲያኛው ይቀራል። ኤክዜማ ግን በራሱ ይመጣል ይሄዳል። ምግቡን መልሳችሁ ካላያችሁ አላወቃችሁም።

ቆዳው ጥሩ በሆነበት፣ ጉንፋን፣ ክትባት፣ ጉዞና በዓል በሌለበት ሳምንት ጠዋት ጀምሩ። በመጀመሪያው ቀን ትንሽ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት አጠገቡ ሁኑ። በሁለተኛው ቀን እጥፍ አድርጉት፣ በሦስተኛው ወደ ተለመደው መጠን ቅረቡ። ከዚያ ሁለት ቀን ምንም አዲስ ነገር ሳትጨምሩ ቆዩ። ካገረሸ አቁሙ፣ ቆዳው ይረጋጋ፣ ለሐኪም ንገሩ። ካላገረሸ ያ ምግብ ነፃ ነው፣ ደብተሩ ላይ «ነፃ» ብላችሁ ጻፉና አዘውትሩለት። አስም ያለበት፣ ከዚህ በፊት ፈጣን ምላሽ ያሳየ ወይም ምግቡን ለወራት ያቆመ ልጅ ግን መመለሻው ሐኪም ቤት ነው። የልጄ እንቁላል የተሞከረው እዚያ ነው፣ ምርመራውም «አለ» ብሎ ስለነበር። በሦስተኛው ማንኪያ አንገቱ ችፍ አለ። አዝኜ ነበር፣ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አወቅሁ፤ እንቁላል ነው፣ እንቁላል ብቻ።

ስለ ጾም

ለአዋቂዎች ዐቢይ ጾም የተዘጋጀ ሙከራ ይመስላል፦ 55 ቀን ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ ቅቤ የለ። «በጾም ይሻለኛል፣ ሲፈታ ይነሳብኛል» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። ግን ፋሲካ ሌሊት ላይ ምን እንደሚገባ አስቡት። ዶሮ ወጡ፣ እንቁላሉ፣ ቅቤው፣ አይቡ፣ ጠላው፣ ያልተተኛ ሌሊት፣ የሽንኩርት መክተፉ፣ የቤት ጽዳቱ አቧራ፣ ሁሉም በአንድ ቀን። ማንን ትከሳላችሁ? በእውነት ማወቅ የምትፈልጉ ከሆነ ዘንድሮ በየተራ ፍቱት፦ መጀመሪያ ሦስት ቀን እንቁላል ብቻ፣ ከዚያ ወተትና አይብ። በጾሙ ጊዜ ደግሞ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ሱፍና የአኩሪ አተር ወተት እንደሚበዛ አትርሱ፣ የሚብስባችሁ በጾሙ ከሆነ እነሱን እዩ። በረመዳንም ሆነ በሌላው ጊዜ ለሶላት ደጋግማችሁ የምትታጠቡ፣ ከእያንዳንዱ ውዱእ በኋላ እጅና ክንዳችሁን ቅባት አስለምዱት።

የምግብ ነገር ሳይሆን ሐኪም ቤት የሚያስኬድ

ቁስሉ ላይ ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ከታየ ጀርም ገብቶበታል። ትኩሳት ያለው፣ የሚያም፣ በመርፌ የተበሳ የሚመስል ክብ ክብ ቁስል በብዛት ከወጣ በዚያው ቀን ውሰዱት፣ አታሳድሩ።

ገና ሕፃን ያላችሁ

ኤክዜማ ያለበት ልጅ ኦቾሎኒና እንቁላል ዘግይቶ ይጀምር የሚለው የድሮ ምክር ተገልብጧል። እስራኤል ውስጥ ልጆች ገና በሕፃንነታቸው ባምባ የሚባለውን የኦቾሎኒ መክሰስ ይበላሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እዚያ ያሉ አይሁድ ልጆች እንግሊዝ አገር ካሉት አይሁድ ልጆች ጋር ሲነጻጸሩ የኦቾሎኒ አለርጂያቸው በአሥር እጥፍ ያነሰ መሆኑን አሳየ። ከዚያ ለንደን ውስጥ ከባድ ኤክዜማ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው 640 ሕፃናት ተመርጠው ግማሾቹ ኦቾሎኒ በጊዜ ጀመሩ፣ ግማሾቹ ተከለከሉ። በ2015 ውጤቱ ሲወጣ፣ አምስት ዓመት ሲሞላቸው፣ በጊዜ መብላቱ አለርጂውን በ80 በመቶ ገደማ ቀንሶት ነበር። ልጃችሁ ከባድ ኤክዜማ ካለበት መጀመሪያ ሐኪም ይየውና፣ ከስድስት ወር ገደማ ጀምሮ በደንብ የላመ የኦቾሎኒ ቅቤ ገንፎው ውስጥ ቀጥኖ ይገባል። ፍሬውን እንደሆነ እንዳትሰጡት፣ ያንቀዋል።

የእንቁላልና የወተት አለርጂ ደግሞ ብዙ ልጆች እያደጉ ይተዋቸዋል። ስለዚህ «አለርጂ አለበት» የሚለው ቃል የዕድሜ ልክ ፍርድ አይደለም፣ ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ እንደገና ይታያል። ልጄ አሁን አራት ዓመት ሊሞላው ነው። አምና ሐኪም ቤት ውስጥ እንቁላል ገብቶበት በደንብ የተጋገረ ኬክ በትንሽ በትንሹ እየቆረሱ ሰጡት፣ ሁለት ሰዓት ተቀምጠን ጠበቅን፣ ምንም አልሆነም። ልደቱ ላይ ከራሱ ኬክ በላ። ቀጣዩ ቀጠሯችን የተቀቀለ እንቁላል ነው። አራተኛው ደብተር ላይ ደርሰናል፣ እሱንም ይዤ እሄዳለሁ።